ከመንታው መንገድ የተነሳው ዶቃ

እኔ ልሙት! ከዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ካለባት፣ ይቺ ከአፌ ጫፍ የደረሰች አሮጌ ነፍሴ ዛሬውኑ፣ እዚሁ እህሉ ክምር ሥር ትውጣ። ማልኩላችሁ። ሽማግሌ በነፍሱ ሲምል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የቀረችው ትንሽ ስለሆነች ይሳሳላታል።

በሉ ቀረብ ቀረብ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ጋዙ ለነገም ያስፈልገናል፤ ደግሞ ይህ ጨዋታ ብርሃን አይወድም። አንተ ጫፍ ላይ ያለኸው፣ ጀርባህን ለጨለማ የሰጠኸው፣ ወደ መሀል ግባ። ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል።

ሰዓቱ ስንት ነበር መሰላችሁ? እኩለ ሌሊት? አይደለም! በሌሊትማ ሰው ይጠነቀቃል፤ ዱላውን ይይዛል፣ ውሻውን ያስከትላል፣ የማያውቀውን ጸሎት ሁሉ ያነበንባል። ሰዓቱ ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ቀጥ ብላ የቆመችበት፣ ወፍ ዝም ያለበት፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ገብታ የተደበቀችበት ሰዓት። አባቶቻችን «በቀትር ብቻህን አትሂድ» ሲሉ ፀሐዩ አሳስቧቸው ይመስላችኋል? ፀሐይን ማን ፈርቶ!

መንገዱስ? በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቁልቋል። ከመንደሩ ቁልቁል ይወርድ ይወርድና መንታ ይሆናል። አንዱ ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ነፋስ እንኳ እዚያ ሲደርስ ኮቴውን አጥፍቶ ነው የሚያልፈው።

በዚያ መንገድ፣ በዚያ ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ጀርባው ላይ ጆንያ አዝሏል። በተራመደ ቁጥር ጆንያው ይጮሃል። ኮሽ፣ ቃ። ኮሽ፣ ቃ። ይቺን ድምፅ ያዟት፤ ኋላ ትመጣለች።

ሰውዬው ቢሰውር ይባላል። የመንደሩን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ከእናንተ መሀል ዘመድ ያለው አይጠፋም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲንሰቀሰቅብኝ ያድራል።

ጆንያው ውስጥ ምን ነበር? ቆሻሻ! እጀታው የወለቀ ማሰሮ፣ ጥርሱ የረገፈ ሚዶ፣ የፍየል አጥንት፣ ቡትቶ። ቢሰውር ለቃሚ ነበር። ሰው የጣለውን ያነሳል። ሊሸጠው ነው? ማን ይገዛዋል! ይሠራበታል እንጂ። ከተሰበረ ቅል ጉጉት ይሠራል። ከበሬ መንጋጋና ካለቀ ጫማ ቀበሮ ይሠራል። አንዴ ከዛገ ማጭድና ከዶሮ ላባ ጭልፊት ሠርቶ አጥሩ ላይ ቢሰቅለው፣ የሰባት መንደር ጫጩት ሳምንቱን ሙሉ ከእናቱ ክንፍ ሥር ሳይወጣ ሰነበተ። ትስቃላችሁ? እኔ ጫጩቶቹን ጠይቄ ነው የማወራው።

መንደርተኛው ግን መቼ ገባው። «ጅብ የተወውን ቢሰውር ያነሳዋል» ይሉታል። ጓንጉል የሚባል አንድ አፈኛ ጎረቤት ነበረው፤ እሱ ደግሞ ባየው ቁጥር አያሳልፈውም።

«ቢሰውር! ሚስቴን ልጥላት ነው፤ ታነሳታለህ?»

«እሷ አንተን ትጣልህ እንጂ» ይለዋል ቢሰውር፣ ከመንገዱም ሳይቆም። «ያ ባዶ ጭንቅላትህ ጥሩ ከበሮ ይወጣዋል።»

እንዲህ እየተባባሉ ይኖራሉ። ቢሰውርን ስድብ አያመውም ነበር። ያመመው ሌላ ነገር ነው።

ቢሰውር አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እንጉዳይ ትባላለች። እናቷ ማንጠግቦሽ እሷን ወልዳ ጡት ሳታጎርሳት ነው የሞተችው። ፎቶግራፍ የሚሉት ነገር ከዚያ አገር ገና አልደረሰም። ስለዚህ ልጅቷ የእናቷን መልክ አታውቅም።

«አባዬ፣ እማዬ ምን ትመስል ነበር?»

«ቆንጆ ነበረች።»

«እንደ ማን?»

ቢሰውር የያዘውን ገል ይሞርዳል። ምን ይበል? የሰውዬው እጁ እንጂ አፉ አልተፈታም።

አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷ ከወንዝ እያለቀሰች መጣች። ልብስ የሚያጥቡ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ጨካኝ ነው። «አንቺን እናት አልወለደችሽም፤ አባትሽ ከቆሻሻ ክምር ላይ ነው ለቅሞ ያነሳሽ» አሏት። መጥታ ፊቱ ቆመች።

«እውነት ነው አባዬ? ከቆሻሻ ነው ያነሳኸኝ?»

ይቺ ናት ያመመችው። ይቺ ልቡ ውስጥ ገብታ እንደ እሾህ ተሰበረች። ቢሰውር ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ሲመሽ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «እናትሽን አሳይሻለሁ። በዓይንሽ ታያታለሽ» አላት።

ከዚያ መሥራት ጀመረ። ወገቧን አፉ ከተሰበረ ጋን ሠራ። ጋን ስላችሁ ዝም ብላችሁ ጋን አትበሉ፤ ሦስት በሬ የሚያስገባ ጋን። እሺ፣ አንድ ወይፈን። ራሷን ከተሰነጠቀ እንስራ ሠራ። ክንዷን በሬ ከሰበረው ቀንበር፣ ጣቶቿን ከፍየል አጥንት ሠራ። ፀጉሯን ከአሮጌ ጠፍር ጎነጎነ። አፍንጫዋን ከገል፣ ከንፈሯን ከቅል ስባሪ እየሞረደ፣ እያስታወሰ፣ ሌሊት እየተነሳ እየዳሰሰ ሠራ። ቡትቶውን ጥፎ ጥፎ ቀሚስ አለበሳት። ያየ ሰው ማንጠግቦሽ ከገበያ መጥታ ደክሟት የተቀመጠች ይመስለዋል።

ዓይን ብቻ ቀረ።

ዓይን ግን ከየት ይምጣ? ከጠርሙስ ስባሪ ቢያደርግላት ሰካራም መሰለች። አተር ቢያደርግላት ዶሮ መጥታ ለቀመችው። ማንጠግቦሽ ዓይኗ ጥቁር ሆኖ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለ ዓይን የትኛው ቆሻሻ ላይ ይጣላል?

ያን ቀን በቀትር ከመንታው መንገድ ሲደርስ፣ ተጥሎ አገኘው።

መሬቱ ላይ አመድ በክብ ተነስንሷል። መሀሉ ላይ የተሰበረ እንቁላልና ቀይ ክር አለ። ክሩ ላይ ሁለት ዶቃ። ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ። ፍጥጥ ብለው ሽቅብ ያዩታል።

ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ጭዳ ነው። ሰው ሲታመም ዕቃውን በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አዙረው፣ በሽታውን ለዕቃው አስረክበው፣ ጎህ ሳይቀድ መንታ መንገድ ላይ ይጥሉታል። የጣለው ሰው ዞሮ አያይም። ያነሳው ሰው በሽታውን ይወስዳል። ይህንን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። ቢሰውርም ያውቃል። ስንት ዓመት ሲለቅም ከዚያ መንታ ላይ አንዲት ክር አንስቶ አያውቅም።

ታዲያ ቆመ። ሄደ፤ ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«በሽታ የሚይዘው ሥጋን ነው» አለ ለራሱ። «ሸክላ ትክትክ ይዞት ያውቃል? ጋን ጉንፋን ሲይዘው ማን አይቷል?»

ብልጠት አያልቅበትም ሰውዬው! ሁለት እንጨት ሰበረ። እንጨቶቹን እንደ ጉጠት ይዞ ዶቃዎቹን ከነክራቸው ብድግ አደረጋቸው። ጣቱን አላስነካም። በዋንዛ ቅጠል ጠቀለላቸው፤ ቅጠሉንም በእንጨቱ እንደያዘ መንገድ ጀመረ። በሽታውን ያታለለ መሰለው።

አሥር እርምጃ ያህል እንደሄደ፣ ከኋላው።

«እህ።»

ሰው ሳለ። ቢሰውር ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ አሳድጎታል። ሳያስበው፣ አፉ ለምዶበት፣ «ይማርህ» አለ።

ዞሮ ቢያይ ማንም የለም። ገደሉ አለ፣ ቁልቋሉ አለ። ሰው የለም።

አሁን ንገሩኝ፤ ማንን ነው «ይማርህ» ያለው?

መንገዱን ቀጠለ። ፈጠን አለ። እንደፈራ ሰው ወደ እግሩ እያየ ነው የሚሄደው። ቀትር ነው ብያችኋለሁ፤ ጥላው ድንክ ሆና እግሩ ሥር አለች። ጥሩ። ከእሷ ጎን ግን ሌላ ጥላ አለ። ረዥም። በምሽት እንደሚታይ ጥላ የተሳበ፣ ቀጭን። ቢሰውር ሲቆም ይቆማል። ቢሰውር ሲሄድ ይሄዳል። ሲሄድ ደግሞ ትከሻው ንቅንቅ ይላል፣ ሳል እንደያዘው ሰው።

ቤቱ ሲገባ ጥላው ደጃፉ ላይ ቀረ። «ተገላገልኩ» አለ። ሞኝ! ቤቱ ውስጥ ፀሐይ የለም፤ ጥላ ምን ሊሠራ ይገባል?

ዶቃዎቹን በእንጨት ይዞ፣ ሰም አቅልጦ፣ ከዓይኗ ጉድጓድ ውስጥ አኖራቸው። አንዱን፤ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ልጁን ጠራት።

እንጉዳይ ገባች። አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። ዱካ መቀመጫዋን ይዛ መጥታ ከሸክላዋ ፊት ቁጭ አለች። ለእንግዳ እንደሚደረገው ነጠላዋን አስተካከለች።

«እማዬ» አለች። «እኔ እንጉዳይ ነኝ።»

ቢሰውር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚያን ሰው ደስታ ብነግራችሁ የምትጠብቁትን እህል ጥላችሁ ታለቅሱብኛላችሁ፤ ይቅር።

ከዚያ ልጅቷ፣ «አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «አየችኝ።»

ወሬው መንደሩን ዞረው። ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የደረሰችው ዘርፌ ናት። ዘርፌ ከወንዙ ማዶ የምትኖር የማንጠግቦሽ የልጅነት ባልንጀራ ነበረች። ከደጃፉ ላይ እንዳለች እንባዋ ወረደ።

«ማንጠግቦሽ! የእኔ እህት!» ብላ ጉንጯን ዳበሰች። «እሷው! እሷው ናት እኮ! ቢሰውር፣ እጅህ ይባረክ።»

ሸክላዋን እየደባበሰች ቀና ብላ ዓይኖቿን አየች። እጇን ሰበሰበች።

«ማንጠግቦሽ እንዲህ አድርጋ ሰው አታይም ነበር» አለች። ቀረብ ብላ እንደገና አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ቢሰውር፣ ዶቃዎቹን ከየት አመጣሃቸው?»

«ከመንገድ ነዋ።»

«ከየትኛው መንገድ?»

ቢሰውር መሬት መሬት አየ።

«አንተ ሰው! ከልጄ አንገት ፈትቼ፣ በራሱ ላይ አዙሬ፣ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ የጣልኩትን? ልጄ እኮ ሞቶ ነው የተነሳው! ትክትክ አንቆት ሲያጣጥር አድሮ፣ ስጥለው ነው ለቀቅ ያደረገው!»

«እጄ አልነካውም እኮ፣ እትዬ ዘርፌ። በእንጨት ነው ያነሳሁት።»

«በእንጨት! በሽታው ምን መሰለህ፣ ፍም?»

«ደግሞ ለሸክላ ነው የሰጠሁት። ሸክላን ምን ያደርጋታል?»

«ምንም አያደርጋትም! ጉዱ እሱ አይደል! ሰው ሲይዝ ወይ ይገድላል፣ ወይ ይለቃል። ይቺን አይገድላት፤ ሞት የላትም። አንተ ደግሞ አሳምረህ ሰው አድርገህ ሠርተሃት፣ ለበሽታው ሰው መሰለችው። ሰው መስላው ገባ። ሲገባ ደረቷ ባዶ ሆነበት። አሁን የሚፈልገው የሚተነፍስ ደረት ነው።»

ይህን ተናግራ አፏን ሳትዘጋ፣ ከጋኑ ውስጥ ድምፅ ወጣ። የባዶ ዕቃ ድምፅ ታውቃላችሁ? ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው።

«እህ። እህ። እህ።»

ዘርፌ እስከ ደጃፉ በአንድ ጊዜ ዘለለች። እንጉዳይ ግን አልፈራችም። ነጠላዋን አውልቃ የሸክላዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«እማዬን ብርድ መቷታል» አለች።

«ስማኝ ቢሰውር» አለች ዘርፌ ከደጅ ሆና። «ጀምበር ሳትጠልቅ ዶቃዎቹን ይዘህ ካነሳህበት መልሳቸው። ከኋላህ ማንም ቢጠራህ አትዙር። ማንም! ሰማኸኝ?» ሮጣ ሄደች።

ቢሰውር ሁለቱን እንጨቶች ያዘ። ወደ ሸክላዋ ፊት ሰነዘረ። ልጅቷ መሀል ገባች።

«ዓይኗን ልታወጣው ነው?»

«ዞር በይ የእኔ ልጅ።»

«አባዬ፣ ገና ዛሬ እኮ ነው ያየችኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ። እዚህ ተቀምጦ መመለስ ቀላል ነው። ልጅቷ እግሩን አቅፋ፣ «ለዛሬ ብቻ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ትየኝ» አለችው። እንጨቶቹ ከእጁ ወደቁ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ» አለ።

አየ አባት! አየ አንድ ሌሊት!

መሸ። ልጅቷን መደቡ ላይ አስተኝቶ፣ እሱ በእሷና በሸክላዋ መሀል ዱላ ይዞ ቁጭ አለ። አልተኛም ብሎ ማለ። ሸክላዋ ትስላለች። ትንሽ ታርፋለች፤ እንደገና ትስላለች። እንስራው ግንባሯ ላይ ላብ ያወጣል፤ ውስጡ ጠብታ ውኃ የለም። በጨለማው ዶቃዎቹ ሰማያዊ ያበራሉ፤ እሱን አያዩም፤ ከእሱ ትከሻ በላይ ወደ መደቡ ያያሉ።

ሳሉ እንደ እሹሩሩ ሆነበት። እህ፣ እህ። እህ፣ እህ። ቢሰውር እንቅልፍ ወሰደው።

ምን ቀሰቀሰው? ድምፅ አይደለም። ዝምታ ነው የቀሰቀሰው። ሸክላዋ ዝም ብላለች። «ተሻላት» ብሎ ሊያመሰግን ሲል፣ ቀጭን ሳል ሰማ። ትንሽ ልጅ የምትስለው ሳል።

መደቡን ዳሰሰ። ባዶ ነው።

እሳቱን ቆስቁሶ ቢያይ፣ እንጉዳይ ከሸክላዋ ጭን ላይ ተኝታለች። የቀንበር ክንድ ይታጠፋል እንዴ? አይታጠፍም። ታጥፎ ነበር! ሁለቱም ክንዶች ልጅቷን ደረት ለደረት ጥርቅም አድርገው አቅፈዋታል። የፍየል አጥንት ጣቶች ፀጉሯን ይዳብሳሉ። ልጅቷ ትስላለች፤ በሳለች ቁጥር የሸክላዋ የቅል ከንፈር ወደ ላይ ትንሽ ሸሸት ይላል። ትስቃለች።

ቢሰውር ስንት ወር የሠራውን ክንድ በዱላ ሰበረው። ልጁን መንጭቆ አወጣ። እንጨት ይፈልግ? ጉጠት ይፈልግ? ባዶ እጁን ከዓይኗ ውስጥ ከቶ ዶቃዎቹን ነቀላቸው። በልጁ ራስ ላይ አዞራቸው። «ወደ እኔ» አለ። «የእሷ ወደ እኔ።»

ልጁን አዝሎ ወንዙን ተሻግሮ የዘርፌን በር ደበደበ።

«እትዬ ዘርፌ፣ ልጄን ተቀበይኝ።»

ዘርፌ ልጅቷን ስትቀበል በእሳቱ ብርሃን መዳፉን አየች።

«እጅህን! ቢሰውር፣ በባዶ እጅህ!»

«እንጨት አላገኘሁም» አለ። ጆንያውን ከትከሻው አስተካክሎ ወደ ጨለማው ሄደ።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቁልቋል። ጨረቃ የለችም። መዳፉ ውስጥ ዶቃዎቹ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛሉ። ደረቱ መጥበብ ጀምሯል።

ከኋላው፣ ኮሽ፣ ቃ። ኮሽ፣ ቃ።

ጆንያው መሰለው። ጆንያው ግን ባዶ ነበር! ከቤት ትቷት የመጣት ሸክላ ናት። በተሰበረ ክንዷ፣ በጋን ወገቧ፣ ትከተለዋለች። ቢሰውር አልዞረም።

«ቢሰውሬ።»

የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው። ፊቷን ከገልና ከቅል ሠርቶት ነበር፤ ድምፅዋን ግን ከምን ይሠራዋል? ድምፅ ተጥሎ አይገኝም። ለስንት ዓመት ሊያስታውሰው እየሞከረ የጠፋበት ድምፅ፣ ልክ እንደነበረው፣ ከማጅራቱ ኋላ ይጠራዋል።

«ቢሰውሬ፣ አንዴ ዙርና እየኝ። ዓይኔን ወስደህ እንዴት ጥለኸኝ ትሄዳለህ?»

አልዞረም። እንባው አንገቱ ሥር ይወርዳል፤ እግሩ ይሄዳል።

«እሺ፣ ለእኔ ብለህ አትዙር። ለሥራህ ዙር። ስሄድ አላየኸኝም እኮ። አካሄዴን አሳምረህ ሠርተኸው እንደሆነ አይተህ አትፈርድም?»

አያችሁ ተንኮሉን? ሠሪን በሥራው ነው የሚፈትኑት። ቢሰውር አንገቱ ሊዞርበት ሲል ከንፈሩን ነከሰ፤ ደም ወጣው። አልዞረም። መንታው መንገድ ላይ ሲደርስ ኮቴው ከኋላው ቆመ።

ሊጥል እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ማን ያነሳዋል? ነገ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ የምትወርድ ልጅ ታየዋለች። «ውይ ሲያምር!» ትላለች። የተጣለ ነገር ሁሉ አንሺ አለው። ይህንን ከቢሰውር የበለጠ ማን ያውቃል? ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳ ነው የኖረው።

ስለዚህ አልጣለም። ቁጭ አለ። በጨለማው መሬቱን መዳሰስ ጀመረ። መንታ መንገድ ላይ ምን ይጠፋል? የመንደሩ ሰባራ ሁሉ እዚያ ነው፤ ያለቀ ጫማ፣ የማሰሮ ገል፣ የተቀደደ ቁምጣ፣ የወላለቀ የአልጋ እግር። እየሳለ ለቀመ። እየሳለ አቆመ። እየሳለ ጠፍሮ አሰረ። ወንድ ሠራ። በአንድ እጁ የራሱን ፊት ይዳስሳል፣ በሌላው እጁ ገሉን ያስተካክላል። ግንባሩን ዳስሶ ግንባር ያደርጋል፤ ጉንጩን ዳስሶ ጉንጭ ያደርጋል። ሰውዬው ራሱን ሠራ፣ በጨለማ፣ በእጁ እያየ።

«አንዴ አታለልኩህ» ይለዋል በሽታውን፤ «ደግሜ አታልልሃለሁ።» ይህኛውን ግን ባዶ አልተወውም። ደረቱን በአፈርና በድንጋይ እስከ አንገቱ ጠቀጠቀው። በሽታው ሲገባ ባዶ እንዳይሆንበት፤ ሌላ ደረት ፍለጋ እንዳይወጣ። የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሰው።

ዶቃዎቹን በገዛ ራሱ ላይ አዞራቸው። አንደኛውን ዓይን አኖረ። ሁለተኛውን ዓይን አኖረ። ዶሮ ጮኸ።

ሲነጋ ዘርፌ መንደሩን አስከትላ ወረደች። መንታው ላይ ቢሰውር ጋቢውን ለብሶ ቆሞ አዩት። «ተረፈ!» ብለው እልል አሉ። ጓንጉል እየሮጠ ቀድሞ ደረሰና ትከሻውን ያዘው። ገል ነበር። እውነተኛው ቢሰውር ከእግሩ ሥር ተኝቷል፤ መዳፉ ላይ አፈር አለ፤ እስትንፋስ የለውም።

ጓንጉል ያን ሁሉ አፍ የት እንዳደረሰው እንጃ። ቁጭ ብሎ የሰውዬውን ዓይን በእጁ ከደነ። «ጭንቅላቴን ለከበሮ ትወስደዋለህ ብዬ ስጠብቅ» አለ።

ቢሰውርን ቀበሩት። የገሉን ሰው ማንም ሊነካው አልደፈረም። እንጉዳይ ዳነች፤ አድጋ ወግ ማዕረግ አየች። አንዳንድ ባለጌ «ከቆሻሻ የተነሳሽ» ሲላት፣ «አዎ፣ ያነሳኝ እጅ የአባቴ ነው» ትለው ነበር። ዓይን የሌላትን ሸክላ ከመንታው አስነስታ፣ ከቤቷ ጥግ አስቀምጣ እስክታረጅ ድረስ ፊቷን ታጥባት ነበር ይባላል። አንድም ቀን ግን ጭኗ ላይ አልተቀመጠችም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በቀትርም በሌሊትም ብቻችሁን አትሂዱ። መንገድ ላይ የሚያብረቀርቅ ባያችሁ አታንሱ። ከኋላችሁ ሰው ሲስል ብትሰሙ ደግሞ፣ ማን እንደሆነ በዓይናችሁ ሳታዩ «ይማርህ» እንዳትሉ። ሰምታችኋል?

እህ! እህ!

ማነው «ይማርዎ» ያለው? የሳልኩትስ እኔ ነኝ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ! ሳታዩ አትበሉ ብዬ አሁን አልነገርኳችሁም? ሽማግሌው መሆኔን በጨለማ በምን አወቃችሁ? በሉ ዝም በሉ፣ አትጠጋጉ፤ ክምሩን ትንዱታላችሁ።

ይልቅ በነፍሴ ምያለሁና ሳልናዘዝ መተኛት አልችልም። አንዲት ነገር፣ አንዲት ትንሽዬ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። ቢሰውር ሁለተኛውንም ዓይን አኖረ ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ጠዋት ሲያዩት የገሉ ሰው የግራ ዓይኑ ባዶ ጉድጓድ ነበር። የቢሰውርን መዳፍ ፈለጉ፣ አፈሩን አበጠሩ። ሁለተኛውን ዶቃ እስከ ዛሬ ያገኘው የለም፤ ወይም ያነሳው ሰው አልተናገረም።